ከብቸኛው ካሴት እስከ ሦስቱ ድምፆች
የኃይሉ መርጊያ የመድረክ ቅጂ ለስደተኛው አድማጭ ምን ይነግረዋል?

አማንና አዲስ አበባ ከ2022 ወዲህ አንድ ሰዓት ይቆጥራሉ። ዮርዳኖስ በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር በየዓመቱ ሰዓቷን ወደፊትና ወደኋላ ማዞሯን ትታ አንዱን ሰዓት ለዓመቱ ሁሉ አጸናች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከአማን ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ከምትሠራበት ቤት ወደ ደሴ ወይም ወደ ከሚሴ የምትደውል እህት «እዚያ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብላ መጠየቅ አያስፈልጋትም። እናቷ ዙህርን ሰግዳ ስትጨርስ እርሷም እዚህ የቀትሩን ሥራ እየጨረሰች እንደሆነ ታውቃለች።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ባለችው አጭር ዕረፍት የስልክ ጥሪው ሲያበቃ ብዙዎች የጆሮ ማዳመጫቸውን አድርገው ወደ አገራቸው ድምፅ ይመለሳሉ። የአንዱ ምርጫ መንዙማ ነው፤ የሌላው የቆየ ዘፈን፤ የሦስተኛው ደግሞ ቃል የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሚነገር ዜማ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ በሦስተኛው ዓይነት፣ በተለይም ስደትንና ሥራን በሚያውቅ አንድ አንጋፋ ኢትዮጵያዊ የመድረክ ቅጂ ላይ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቅጂው «ፓዮኒር ወርክስ ስዊንግ» ይባላል። በ2016 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ ሬድ ሁክ በተባለው የወደብ ሠፈር ተቀድቶ በ2023 ለአድማጭ ቀረበ። ቦታው ቀድሞ የብረታ ብረት ፋብሪካ የነበረ፣ ኋላ የኪነ ጥበብ ማዕከል የሆነ ሰፊ የጡብ ሕንፃ ነው። በመድረኩ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ኃይሉ መርጊያ በኪቦርድና በአኮርዲዮን፣ ዓለምሰገድ ከበደ በቤዝ ጊታር፣ ኬኔት ጆሴፍ በድራም። ድምፃዊ የለም፤ የነፋስ መሣሪያ ጓድ የለም፤ ጊታሩም ከቤዙ በቀር የለም። ሦስት ሰዎች ምሽቱን ይሸከሙታል።

የምዕራቡ ዓለም የሙዚቃ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ጨዋታ «ሳይኬደሊክ ጃዝ ሮክ» ከሚሉት ወገን ሊመድቡት ይችላሉ። ቃሉ ግር ሊያሰኝ ስለሚችል በአጭሩ ማብራራት ይገባል። በ1960ዎቹ በአሜሪካና በብሪታንያ የተነሡ የሮክ ባንዶች በረዥሙ የሚርገበገብ የኦርጋን ድምፅ፣ ተደጋግሞ የሚመለስ ማስተጋባትና ሰዓት የሚያስረሳ ርዝመት ያለው አጨዋወት ጀመሩ። ዓላማቸው አድማጩን በሕልምና በእውን መካከል ማቆም ነበር። ጃዝ በበኩሉ ተጫዋቹ ከታወቀው ዜማ ተነሥቶ በቅጽበት የራሱን እንዲፈጥር ነጻነት ሰጠ። ሁለቱ ሲገናኙ የማይቸኩል፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ ምቱ ግን የማይላላ ሙዚቃ ተወለደ።

ሆኖም ኢትዮጵያዊው ጆሮ በዚህ ውስጥ የሚያገኘው ነገር ከስያሜው ይቀድማል። የኃይሉ መርጊያ ጣቶች የሚመላለሱት አምስት አምስት ድምፅ ባላቸው ቅኝቶቻችን ላይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉትን አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች ያደገበት ሰው ስማቸውን ባያውቅ እንኳ ልቡ ያውቃቸዋል። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ የቦታ ስሞች መሆናቸውም ልብ ሊባል ይገባል። ባቲ ከደጋና ከቆላ፣ ከአፋር ሜዳና ከወሎ ተራራ የሚመጣው ሕዝብ የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ተራራና አገር ነው። ከዚያው አካባቢ ከዳናና ከጀማ ንጉሥ የመንዙማ ድምፅ ሲሰማ ኖሯል። አዝማሪውና የመንዙማው መሪ የተለያየ ዓላማ ቢኖራቸውም የጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። ስለዚህ የወሎ ልጅ በአማን ሆና ከብሩክሊን የተቀዳ የኦርጋን ድምፅ ስትሰማ የምታውቀው ነገር ከውስጡ ብቅ ቢልባት አያስደንቅም።

ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደ ጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብተው የኖታን ንባብ ቀሰሙ። አኮርዲዮን የመጀመሪያ ጓደኛቸው ሆነ፤ ኦርጋኑ ኋላ ተከተለ። በ1970ዎቹ ስማቸው ከዋልያስ ባንድ ጋር ተሳሰረ። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ የሙዚቃ ሕይወት የሁሉም ልጆች ሥራ ነበር። ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ከአዲስ አበባ ሙስሊም ቤተሰብ የተገኘ ነው፤ በ1975 የወጣውን «እሬ መላ መላ» የተባለውን ሥራውን በካይፋ ስም ያሳተመው አሊ አብደላ ካይፋም የንግዱ ዓለም ሙስሊም ነበር። ያለ እነዚህ አሳታሚዎች ድፍረትና ገንዘብ የዚያ ትውልድ ድምፅ ዛሬ ባልተሰማ ነበር።

ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ዓመታትን አሳለፈ። ደርግ የሰዓት እላፊ ባወጀበት ዘመን ወደ አዳራሹ የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም ሌሊቱን በሙሉ ይጫወት ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ተጫዋቹን ሁለት ነገር ያስተምረዋል። አንደኛው ጽናት ነው። ሁለተኛው አንድን ዜማ ሳይሰለችና ሳያሰለች ደጋግሞ ማደስ ነው። በዚያ ዘመን ግጥም በሳንሱር ዓይን ይመረመር ነበር፤ ቃል የሌለው ዜማ ግን ሳንሱሩ የሚሰርዝለት መስመር አልነበረውም። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው አልበም የዚህ በመሣሪያ ብቻ የመናገር ጥበብ ማስረጃ ነው። በ1978 ደግሞ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆነው «ወደ ሐረር ጉዞ» የተሰኘውን ካሴት አወጡ፤ የመስጊዶችና የአዋቾች ከተማ ሐረርም በካሴቱ ርእስ ላይ ስሟ ሰፈረ።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አባላት ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ከፊሎቹ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። የስደት የመጀመሪያው ዋጋ ብዙ ጊዜ ጓድን ማጣት ነው። በአገሩ ከስምንትና ከዘጠኝ ሰው ጋር ይጫወት የነበረ ሰው በዋሽንግተን ራሱን ብቻውን አገኘው።

ይህን ብቸኝነት በግልጽ የሚያሰማው በ1985 የወጣው ካሴት ነው። ርእሱ «ሸሞንሟናዬ» ነው። በዚያ ሥራ ላይ ኃይሉ መርጊያ ሁሉንም መሣሪያ የተጫወቱት ራሳቸው ናቸው። አኮርዲዮኑን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግና ከያማሃ ሲንተሳይዘር ጋር እየደራረቡ ቀዱት፤ ምቱን የሰጣቸው ደግሞ የድራም ማሽን ነበር። ማሽን አይሳሳትም፤ አይደክምም፤ ነገር ግን አይመልስም። ተጫዋቹ ዜማውን ሲያዘገይ አብሮት አይዘገይም፤ ሲደሰት አይደሰትም። የካሴቱ ውበትም ሐዘኑም ከዚህ ይመነጫል። የድሮው የልጅነት አኮርዲዮን በአዲስ አገር፣ ሰው በሌለበት ክፍል፣ ከማሽን ጋር ይነጋገራል።

ከዚያ በኋላ መድረኩ ቀስ በቀስ ራቀ። በ1990ዎቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሥራ ጀመሩ፤ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራቸውን እየጠበቁ መንገደኛ ያደርሱ ነበር። ብዙ የአገራችን ሰዎች በዚያ ከተማ በዚሁ ሥራ ተዳድረዋል፤ በሥራውም የሚያፍሩበት ምክንያት የለም። የእርሳቸውን ነገር ለየት የሚያደርገው በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የነበረው ነው። ኪቦርዳቸውን ይዘውት ይዞሩ ነበር። ተራው እስኪደርስ ድረስ መሣሪያውን አውጥተው በኋላ ወንበር ላይ ይለማመዳሉ፤ አዲስ ዜማ ይሞክራሉ፤ መንገደኛ ሲመጣ ይመልሱታል። አድማጭ አልነበረም። ክፍያም አልነበረም። ጣቶቹ ግን አልዛጉም።

በ2013 ነገሩ ባልታሰበ አቅጣጫ ተለወጠ። «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው የአፍሪካ ካሴቶች አሳታሚ ባለቤት አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ በባሕር ዳር ከተማ የድሮ ካሴቶች ሲያገላብጥ የ1985ቱን ሥራ አገኘው። ሰምቶት ዝም አላለም፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸውና ካሴቱን ከፈቃዳቸው ጋር እንደገና አሳተመው። ልብ በሉ፤ ዋሽንግተን ውስጥ የተሠራው ካሴት ወደ ጣና ዳር ሄዶ ተቀምጦ፣ ከዚያ ተመልሶ ሠሪውን በታክሲው ውስጥ አገኘው። ኃይሉ መርጊያ በስድሳዎቹ መጨረሻ ዕድሜያቸው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተሰኙ አዲስ አልበሞችን አቀረቡ።

የብሩክሊኑ ምሽት የሚገኘው በዚህ መንገድ መካከል ነው። ክብደቱም ከ1985ቱ ካሴት ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይታያል። በካሴቱ ላይ አንድ ሰውና አንድ ማሽን ነበሩ፤ በመድረኩ ላይ ሦስት ሰዎች ናቸው። ቤዙ አንድን አጭር ሐረግ ደጋግሞ መሬቱን ሲያጸና፣ ድራሙ በላዩ ምቱን ሲከፋፍል፣ ኦርጋኑ ዜማውን ነግሮ ከዜማው ይወጣና በራሱ መንገድ ይሄዳል። ወጥቶ እንዳይጠፋ የሚይዙት ሁለቱ ጓዶች ናቸው። የሦስት ሰው ባንድ መደበቂያ የለውም። በትልቅ ባንድ ውስጥ የአንዱ ስሕተት በሌሎቹ ድምፅ ይሸፈናል፤ በሦስት ሰው ውስጥ ግን አንዱ ከተዘናጋ ቤቱ ይዘማል። በዚህም ምክንያት እርስ በርስ መደማመጥ ለሦስት ሰው ባንድ የህልውና ጉዳይ ነው። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት በቁጥር ብቻ አይመስልም፤ ድሩ የሚያብረው አንዱ ክር የሌላውን ጭነት ሲሰማው ነው።

በመድረክ ላይ የተቀዳ ሥራ ከስቱዲዮው የሚለየው በሌላም ነገር ነው። በስቱዲዮ የተበላሸው ይደገማል፤ የተሻለው ይመረጣል። በመድረክ ግን የሆነው ሆኗል። ድምፁ ከግድግዳው ተላትሞ ይመለሳል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ ተጫዋቹም ከሰማው ጭብጨባ ብርታት ይወስዳል። ቦታው ራሱ አራተኛ ተጫዋች ይሆናል። ይህን ለመረዳት የአማን ነዋሪ ሩቅ መሄድ የለበትም። በመሀል ከተማ፣ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኮረብታው ተጠርቦ የተሠራውና ወደ 6,000 ሰው የሚይዘው የሮማውያን ቴአትር ቆሞ ይታያል። በታችኛው ወለል መሀል የቆመ ሰው የሚናገረው ያለ ድምፅ ማጉያ ወደ ላይኛው ደረጃ ይደርሳል። አጠገቡ ያለው ኦዴዎን የተባለው ትንሹ ቴአትር 500 ያህል ሰው ብቻ ይይዛል። በትልቁ ተነግሮ የሚበተነው ድምፅ በትንሹ ይሰበሰባል። አንድ ቃል በሁለት ቦታ ሁለት ቃል ነው።

የመንዙማ አድማጭ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። በሐድራ ላይ የተቀዳ የቆየ ካሴት ሲከፈት የመሪው ድምፅ ብቻውን አይመጣም፤ የድቤው ምት፣ የጭብጨባው ማዕበል፣ የተቀባዮቹ ምላሽ፣ አንዳንዴም የአንድ ሽማግሌ ሳል አብሮ ይሰማል። ይህን ሁሉ ጠርጎ ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ ሲወጣ ግን የጀመዓው መኖር አብሮ ይወጣል። በቀጥታ የተቀዳ ድምፅ ምስክርነት ነው። እነዚህ ሰዎች በዚያች ሌሊት በአንድ ቦታ እንደነበሩ ይመሰክራል።

በእርግጥ የመንዙማና የመሣሪያ ሙዚቃ መነጻጸር በአማኝ አንባቢ ዘንድ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የአራቱ መዝሀቦች ሊቃውንት በብዛት የሙዚቃ መሣሪያን ከልክለዋል። የአንዳሉሱ ኢብን ሐዝም በበኩላቸው ለክልከላው የሚቀርቡትን ዘገባዎች ሰነድ ደካማ ነው ብለው ፈቅደዋል። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ሥራቸው አንድ ሙሉ ክፍል ለማድመጥ ሥርዓት ሰጥተው፣ ድምፅ በልብ ውስጥ ያለውን እንደሚቀሰቅስ፣ ፍርዱም ከአድማጩ ሁኔታና ከቦታው እንደማይነጠል በስፋት ተንትነዋል፤ ከመጠጥ ቤት ልማድ ጋር የተቆራኙ መሣሪያዎችን ግን ለይተው ከልክለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አንባቢ የሚተማመንበትን ዓሊም ጠይቆ በመረጠው መንገድ ይሄዳል። መሣሪያ የማይሰማ አንባቢ እንኳ ከኃይሉ መርጊያ ታሪክ የሚወስደው ድርሻ አለው፤ ምክንያቱም የታሪኩ ፍሬ ነገር ሙያን በስደት ስለ መጠበቅ ነው።

ሙያ በስደት የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። በአገሩ ያማረ ጥልፍ የምትጠልፍ፣ ቁርኣንን በቃሏ የያዘች፣ ሰፌድ የምትሰፋ፣ ወይም መምህርት የነበረች ወጣት ወደ ሌላ አገር ለሥራ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ዓመት በቋንቋና በሥራ ልምድ ያልፋል፤ ሁለተኛው ገንዘብ በመላክ፤ ሦስተኛው በድካም። በአራተኛው ዓመት እጇ የሚያውቀውን ስትጠየቅ «ድሮ እችል ነበር» ትላለች። «ድሮ» የምትለው ቃል የገባችው ማንም ስለከለከላት አይደለም፤ መለማመጃ ሰዓት ስላልነበራት ነው።

እዚህ ላይ የሰዓት ጉዳይ የሕግ ጉዳይም ይሆናል። ዮርዳኖስ በ2008 የሥራ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ሥር አስገባች፤ በዚህም ከአረብ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። በ2009 የወጣው ደንብም ለቤት ሠራተኛ የሳምንት ዕረፍት ቀን መብት መሆኑን ደነገገ። ደንቡ በየቤቱ እኩል አልተፈጸመም፤ ቀኗን ሙሉ የምታገኝ አለች፤ ግማሹን የምታገኝ አለች፤ ጨርሶ የማታገኝም አለች። የዕረፍት ቀን ግን ከመተኛትና ከገበያ በላይ ዋጋ እንዳለው የታክሲው ታሪክ ያሳያል። ሰው እንጀራው በሆነው ሥራ መካከል ራሱ የሆነውን ነገር የሚያድስበት ሰዓት ያስፈልገዋል። አሠሪ ይህን ሰዓት ሲጠብቅ የሰውን ሙያ ይጠብቃል፤ ሲነፍግ ደግሞ ከደመወዝ ያልተቆጠረ ሀብት ይነፍጋል።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ የሁሉም ሰው ፍጻሜ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ካሴቱ የተገኘለት አንድ ሰው ሲኖር ካሴታቸው በመደርደሪያ ላይ የቀረ ብዙዎች አሉ። የመገኘቱን ነገር ሰው አይወስነውም፤ እርሱ የአላህ ቀደር ነው። ሰው የሚወስነው ስልኩ በተደወለ ጊዜ ጣቶቹ ዝግጁ መሆን አለመሆናቸውን ነው። በ2013 ስልኩ ሲጮህ ኪቦርዱ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ የድሮው ካሴት እንደገና ይታተም ነበር፤ የብሩክሊኑ ምሽት ግን ባልኖረ ነበር። ያችን ምሽት የሠራት በአውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ውስጥ በየቀኑ የተሰበሰበችው ሩብ ሰዓትና ግማሽ ሰዓት ናት።

ቅጂውን የሚያደምጥ ሰው ይህን በአንድ ነገር ላይ ሊያስተውለው ይችላል። ኦርጋኑ ዜማውን አንሥቶ ለአፍታ ዝም ሲል፣ ድራሙ ወዲያው ያንን ክፍተት በራሱ ቃል ይሞላዋል። በ1985 ያ ክፍተት ክፍተት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ማሽኑ ያንኑ ምት እየደገመ ያልፋል። አሁን መላሽ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነው በሁለቱ መካከል ያለው።

ዓርብ ሲመሽ የአማን ታክሲዎች በየኮረብታው ሰው እያወረዱ ይመለሳሉ። የዕረፍት ቀኗን የጨረሰችው እህት የጆሮ ማዳመጫዋን ታወልቃለች፤ ስልኳንም ወደ ቦርሳዋ ትከታለች። በዚያው ቦርሳ ውስጥ ግማሹ የተጠለፈ ጨርቅ ከመርፌው ጋር ተጠቅልሎ ካለ የሚቀጥለው ዓርብ ከዚያው ይቀጥላል።